ጨጓራ ያልነው ስኳር

ለአስካለ፣ ለቤቴ እመቤት፤

አስኩዬ፣ ከተለየሽን ሁለተኛው መስከረም ጠባ። «እንደምን አለሽ» ብዬ ልጀምር አልኩና አፈርኩ፤ አንቺ ያለሽበት እንዴት ተብሎ እንደሚጠየቅ አላውቅም። እኛ አለን። መክረማችንን መኖር ካልሽው አለን።

ሰበታ ያው ያንቺዋ ሰበታ ናት ብልሽ ዋሸሁ። ከሱቄ ፊት ለፊት የነበረው ባዶ ቦታ ፎቅ ወጣበት። ከሰዓት በኋላ ፀሐይ ስለማይገባኝ መርፌ ላይ ክር ለማስገባት ደጅ እወጣለሁ፤ መንገደኛ ሁሉ ሥራ የፈታሁ መስሎት ሰላም ይለኛል። መነጽሬንም ቀይሬአለሁ። ጓሮ የተከልሽው ኮክ ዘንድሮ አፈራ፤ ግማሹን ወፍ በላው፣ ግማሹን እኔና ሜሮን ሳይበስል ጨረስነው። ነጠላሽ ቁም ሳጥኑ ውስጥ እንዳለ ነው። ሜሮን አንዳንዴ ከፍታ ታሸተዋለች፤ እኔም ያላየሁ መስዬ አልፋለሁ።

ብዕር ያነሳሁት ግን ለዚህ አይደለም። ተናድጄብሻለሁ። በሞተ ሰው መናደድ ነውር መሆኑን አላጣሁትም፤ ታዲያ ከማን ጋር ልጣላ? ዕድሜዬን ሙሉ የተጨቃጨቅሁት ካንቺ ጋር ነው፤ አሁን አዲስ ሰው ከየት ላምጣ? ስለዚህ ቁጭ ብለሽ ስሚኝ።

መጀመሪያ ስለ ልጃችን ክንድ ልንገርሽ። አንቺ በሄድሽ በመጀመሪያው ክረምት ሜሮን ሥራ ቦታዋ ላይ ራሷን ሳተች። የፋብሪካው ሒሳብ ክፍል ውስጥ ወንበሯ ላይ እንዳለች መንተባተብ ስትጀምር ጓደኞቿ እንቅልፍ የጣላት መስሏቸው ሳቁባት። አምፖል ሊቀይር የገባ የፋብሪካው ኤሌክትሪክ ሠራተኛ ነው ግንባሯን የሞላውን ላብ አይቶ፣ ሮጦ ለስላሳ ገዝቶ፣ ቀና አድርጎ ያጠጣት። ለሚ ይባላል፤ የሱሉልታ ልጅ ነው። ስሙን ያዢልኝ፣ እመለስበታለሁ።

ከዚያ በኋላ የምትከታተልበት ሐኪም ቤት፣ ክንድ ላይ የሚለጠፍ የስኳር መለኪያ ለጥቂት ሕመምተኞች መጥቷል ብለው ለእሷም ሰጧት። ሴንሰር ይሉታል። የካፖርት ቁልፍ የሚያክል ነጭ ክብ ነገር ነው፤ ከሥሩ ፀጉር የመሰለች ቀጭን ነገር ቆዳዋ ውስጥ ትገባለች። ሁለት ሳምንት ይቆይና ይነሳል፣ ሌላ ይለጠፋል። ያ በየቀኑ ጣቷን መውጋት፣ ያ አንቺ እያየሽ ፊትሽን የምታዞሪበት ነገር፣ አሁን አልፎ አልፎ ብቻ ሆኗል። ቁጥሩ በስልኳ ይታያል። በእኔም ስልክ ይታያል። አዎ በእኔ! እዚህ ሱቄ ውስጥ ቁጭ ብዬ የሰው ሱሪ እያሳጠርኩ የልጄን ደም አያለሁ። ከቁጥሩ ጎን ቀስት አለች፤ ሽቅብ ስትዞር ስኳሯ እየወጣ ነው፣ ቁልቁል ስትዞር እየወረደ ነው። በጣም ሊወርድ ሲል ስልኩ ይጮኻል። አንድ ቀን የአንድ ሽማግሌ ወገብ ስለካ ጮኸብኝና ሜትሩን እሳቸው ላይ ትቼ ደጅ ወጣሁ። እስክመለስ ድረስ እንደታሰረ ሰው ቆመው ጠበቁኝ።

በረከት ነው ብዬ ብቻ እንዳልነግርሽ ሰላም ነስቶኛል። ቀስቷ ዘንበል ባለች ቁጥር እደውላለሁ። «አባ፣ እየበላሁ ነው» ትለኛለች። ደግሜ ስደውል አታነሳም። ዕቃው ሲያልቅ ደግሞ ሌላ ይመጣ እንደሆነ ሐኪሙም አያውቅም፤ «እስካለ ድረስ ትጠቀም» ነው ያለኝ። ቢሆንም አስኩዬ፣ አንቺ ያን ሁሉ ዓመት ግንባሯን በመዳፍሽ እየዳሰስሽ የኖርሽው ኑሮ ትዝ ሲለኝ፣ ይሄን ነገር ሳታዪ መሄድሽ ያንገበግበኛል።

ያኔ አምስተኛ ክፍል ሆና ውሃ ውሃ ስትል፣ ስትከሳ፣ መጀመሪያ ጠበል ወሰድሻት። ኋላ ሐኪሙ ስኳር ነው ሲለን አንቺ አላለቀስሽም። ከሐኪም ቤት እንደወጣን የጠየቅሽኝ፣ ከእኛ ሌላ ማን እንደሰማ ነበር። ማቀዝቀዣ ስላልነበረን መድኃኒቷን በሸክላ ገንቦ ውስጥ፣ በረጠበ አሸዋ መሐል ታስቀምጪው ነበር። ጎረቤታችን ማቀዝቀዣ ነበራቸው፤ ጠይቂያቸው ስልሽ ዓይንሽ ፈጠጠ። ከዚያ ያቺን ቃል አመጣሽ። ጨጓራ! ልጅቷ ኬክ የማትበላው ጨጓራ ስላለባት፣ ቦርሳዋ ውስጥ ዳቦ የማይጠፋው ጨጓራዋ ባዶ ሆድ ስለማይወድ፣ ሐኪም ቤት የምትመላለሰው ለጨጓራዋ። የሰፈሩ ሰው ሁሉ ለጨጓራዋ መድኃኒት ያዝዝላት ጀመር። ተልባው፣ አብሹ፣ ምን ያልመጣ አለ! አንቺ ሁሉንም በምስጋና ትቀበዪና በጓሮ በር ትደፊው ነበር። ያን ጊዜ እስቅ ነበር፣ እውነቴን ነው። ጎበዝ ነሽ እልሽ ነበር።

ለምን እንደደበቅሽ አልጠፋኝም። የሚጥል በሽታ አለባት ተብሎ የእህትሽ እጮኛ ቀለበቱን ሲመልስ ቤት ውስጥ የነበርሽው አንቺ ነሽ፤ ከዚያ በኋላ የሆነችውን መሆን ያየሽው አንቺ ነሽ። በመጨረሻ ሆስፒታል ተኝተሽ፣ ድምፅሽ አልወጣ ሲል፣ እጄን ይዘሽ ያልሽኝ አንድ ነገር ነው፤ የልጄን ነገር ሰው እንዳይሰማ፣ እስክትዳር ድረስ፣ አደራ። እሺ አልኩሽ። የምትሞት ሚስቱን እምቢ የሚል ባል የት አለ?

ለሚና ሜሮን ከለስላሳው ቀን በኋላ ተዋደዱ። ልጁ ረጋ ያለ ነው። ቤታችን ሲመጣ ቁጭ ከማለቱ በፊት የተበላሸ ማብሪያ ማጥፊያ ይፈልጋል፤ በዚህ ዓመት ውስጥ ያላስተካከለው የለም። የሜሮንን ነገር እሱ ከመጀመሪያው ያውቀዋል። ቤተሰቡ ግን አያውቅም። ሜሮን እንንገራቸው ስትለኝ ያንቺን ቃል ነገርኳት። ያንቺ ቃል ሲነሳ እሷም ሐሳቧን ተወች፣ ለሚንም እንዳይናገር አስማለችው። እኔም እንደ ሙያዬ አደራሽን ተወጣሁ፤ የቀሚሶቿን እጅጌ ከትከሻው ሸብሸብ እያደረግሁ ሰፋሁላት፤ ሴንሰሩ ከሥሩ እንዳይታይ። ደንበኞቼ አዲስ ፋሽን መስሏቸው እንደሷ አድርግልን ይሉኝ ጀመር። ሰበታ ውስጥ ስንት ሴት በልጅሽ ስኳር ምክንያት እጅጌዋ እንደተነፋ ብታይ ትስቂ ነበር።

ሽማግሌ ተላከ፣ እሺ አልን። የለሚ አባት ኦቦ ገመቹ ገበሬ ናቸው፣ ትልቅ ሰው ናቸው። ከዚያ ለሚካኤል ዝክራቸው ሱሉልታ ጠሩንና ሄድን። ከእንጦጦ ጀርባ ብርዱ አይጣል ነው። ግቢያቸው ድረስ ወጥተው ተቀበሉን፤ «አካም ጅርቱ፣ ነጋዳ?» እያሉ ሲስሙን ሜሮን ፊቷ በራ። ያኔ የኦቦ ገመቹ እህት አዴ ጫልቱ መጡ። ሞቅ ያሉ ሴት ናቸው፤ ሰው ሲስሙ ሁለቱን ክንድ ጨምቀው ይዘው ነው። ጨመቋትና ቆሙ። በእጅጌው ላይ ዳሰሱ። «ኩን ማሊ? ምንድን ነው ይሄ ልጄ?» አሏት። ሜሮን እኔን አየችኝ። ከዚያ ቁስል ነው፣ ተሸፍኖ ነው አለች። ሴትየዋ ሌላ አልጠየቁም። ምሳ ላይ ግን አላጎረሷትም፣ እኔም ያን ጊዜ ልብ አላልኩም።

አዴ ጫልቱ ምን እንደመሰላቸው ልንገርሽ? ክንድ ላይ የሚቀበረው የወሊድ መቆጣጠሪያ! እሳቸው ራሳቸው ከአምስተኛው ልጃቸው በኋላ ያስቀበሩት እዚያው ክንዳቸው ላይ ስለነበር፣ በጣታቸው ያወቁት መሰላቸው። ያላገባች ልጅ፣ ሽማግሌ የተላከባት ልጅ፣ ክንዷ ላይ። ነገሩ በሱሉልታ ዞሮ በቡራዩ ዘመዶቻቸው በኩል አልፎ እኔ ዘንድ ሲደርስ፣ ያደረሱት ሽምግልናውን የመሩት ሰውዬ ናቸው። ሱሪ ላሰፋ ብለው ሱቅ ገቡ፤ ስለ ዝናቡ አወሩ፣ ስለ ጤፉ አወሩ፣ ጨርቅ እያገላበጡ ቆዩ። በመጨረሻ አንገታቸውን ደፍተው፣ «ጋሽ ታደሰ፣ ልጅቷ ክንዷ ላይ ያስቀበረችው ነገር አለ ይባላል» አሉኝ።

መጀመሪያ ሳቅሁ። ሳቄን ሳልጨርስ ደሜ ፈላ። ከዚያ ቀዘቀዝኩ። ውሸት ነው አልኳቸው። ታዲያ ምንድን ነው አሉኝ። ያን ጊዜ አንቺ ትዝ አልሽኝ። አፌ ላይ ደርሶ የነበረውን ዋጥኩት። ውሸት ነው ብዬ ምን እንደሆነ ሳልናገር ስቀር ሰውዬው ምን ይበሉ? አንገታቸውን የበለጠ ደፉት። ልጅሽን ከአንዱ ስም አድናለሁ ብዬ የባሰው ስም እንዲጣበቅባት አደረግሁ፤ ያንን ደግሞ ያደረግሁት አንቺን አክብሬ ነው።

ሜሮን ስትሰማ አላለቀሰችም፤ እንዳንቺ ናት፣ ስትናደድ እንባዋ ይደርቃል። ይምጡና ክንዴን ይዩት አለች። ኦቦ ገመቹና አዴ ጫልቱ ከሽማግሌዎቹ ጋር ለምሳ እንዲመጡ ተነገራቸው። በዋዜማው ሴንሰሩን ከክንዷ ነቀለችው። እጅጌ የሌለው ቀሚስ ስፋልኝ አለችኝ። ሰፋሁላት። ቤታችን ቀርቶ የነበረው ሴንሰር አንድ ብቻ ነበር፤ እንግዶቹ ሲሄዱ እሱን እለጥፈዋለሁ አለችኝ።

ቀኑ ቅዳሜ ነበር። ጠዋት ጣቷን ወግታ ለካች፣ ደህና ነበር። እንግዶቹ ይደርሳሉ በተባለበት ሰዓት ስኳር የሚያወርደውን መርፌዋን ወሰደች፣ አብራ ትበላለች ተብሎ። ከሱሉልታ ሰበታ ድረስ ከተማውን አቋርጦ መምጣት እንዴት እንደሆነ ታውቂዋለሽ፤ መንገድ ተዘግቶባቸው በጣም ዘገዩ። እንግዳ ሳይቀምስ እሷ እንዴት ትቅመስ? እኔም ደጅ ደጁን እያየሁ ስልኬን ከኪሴ አወጣሁ፤ ልማድ ሆኖብኝ። ቁጥርም ቀስትም የለውም። መልሼ ከተትኩት።

መጡ፣ ተቀመጡ፤ ለሚ ሥራ ላይ ስለነበር አልተገኘም። ሜሮን የእጅ ውሃ ይዛ ገባች። ክንዷ ሙልጭ ያለ፣ ንጹሕ ነው፤ የሙጫው ክብ ምልክት ብቻ ቀርታለች። አዴ ጫልቱ ዓይናቸውን ከክንዷ ላይ አልነቀሉም፤ ፊታቸው ሲፈታ አየሁ። ልቤ እፎይ ሊል ነበር። ኦቦ ገመቹን ስታስታጥብ ውሃው ከመዳፋቸው አልፎ ጭናቸው ላይ ፈሰሰ። ይቅርታ አላለችም። ማፍሰሱን ቀጠለች። ማንቆርቆሪያው እጇ ላይ ይንቀጠቀጣል፤ ሳቅ ይሁን ለቅሶ የማይለይ ነገር ፊቷ ላይ አለ። ሁሉም ያያታል። እኔ ምን ብል ጥሩ ነው? «ጨጓራዋ ነው» አልኩ። እንዲህ ነው ያስለመድሽኝ።

ከዚያ ግንባሯን አየሁት፤ ላቡ ወደ ቅንድቧ እየወረደ ነው። ጉልበቷ ሲከዳት ደገፍኳት። ያኔ ምን እንዳልኩ እስካሁን በትክክል አላውቅም። «ስኳር!» ብዬ ጮኽኩ። ስኳር አምጡልኝ ማለቴ ይሁን፣ ስኳር ነው ያለባት ማለቴ ይሁን፣ በደሜ ውስጥ የተጠራቀመው የዓመታት ነገር ይሁን፣ እኔም አላውቅም። «ስኳር! ስኳር ነው!» እንግዶቹ አምጡልኝ ያልኩ መስሏቸው ተሯሯጡ። «ሱካራ! ሱካራ ፊዳ!» እያሉ ወደ ማጀት የሮጡት አዴ ጫልቱ ናቸው። ውሃ ውስጥ በጥብጠው፣ አገጯን ይዘው፣ ጠብ ጠብ እያደረጉ ያጠጧት እሳቸው ናቸው። እኔ ራሷን ደግፌ ይዤ ነበር።

ቀስ ብላ ተመለሰች። ዓይኗ ጠራ፣ ሰውን ለየች፣ ቀሚሷን ሰብሰብ አደረገች። ያን ጊዜ ነው ቃሉ የገባቸው። ኦቦ ገመቹ ሱሪያቸው እንደረጠበ ቀና ብለው አዩኝና፣ «ኦቦ ታደሰ፣ ስኳር አለባት ነው ያሉት?» አሉ። አዎ አልኩ። ከመቼ ጀምሮ አሉ። ከልጅነቷ አልኩ። ክንዷ ላይ የነበረውም ስኳሯን የሚለካው ነው ብዬ ስልኬን አውጥቼ የድሮውን ቁጥር አሳየኋቸው። ሰውዬው ስልኩን ተቀብለው ብዙ አዩት። ምን እንዳሰቡ ፊታቸው አይናገርም። ምሳውን ጥቂት ቀመሱ፣ መረቁ፣ እንመካከርበታለን ብለው ተነሡ። አዴ ጫልቱ በር ላይ ሲደርሱ ተመልሰው የሜሮንን ክንድ ያዙ፤ የሙጫውን ምልክት በአውራ ጣታቸው አሹት። ከዚያ ሄዱ።

እስካሁን መልስ የለም። ለሚ በየቀኑ ይመጣል፤ የሚሠራ ነገር ስላጣ ጣሪያውን ያያል። አንድ አጎቱ፣ ልጆቿም ሕመሙን ይወርሱታል ብለው እንደተከራከሩ ነግሮኛል። አክስቱ ደግሞ ከዚያ ቀን ወዲህ ለማንም አይናገሩም ይላል። እሱ እንደሆነ አልመለስም ብሏል፤ ያለ ቤተሰቡ ምርቃት ግን ሜሮን ራሷ አትፈልገውም። ቤቱ ውስጥ እንግዲህ ይህን ተሸክመን እንዞራለን። ምግብ ስታነሳ አያታለሁ፣ ስታየኝ ሌላ ቦታ አያለሁ። የመጨረሻዋ ሴንሰር ክንዷ ላይ ናት። ከዚያ በኋላ ያለውን አላውቅም፤ እሱም ያስፈራኛል።

አስኩዬ፣ የተናደድኩብሽ ለዚህ ነው። ክፉ አስበሽ አይደለም፣ ይገባኛል። እህትሽን ያየ ዓይንሽ ነው ያስፈራሽ። ግን አንቺ የደበቅሽው በሽታውን ሳይሆን ልጅቷን ነበር። በገዛ ቤቷ፣ በአባቷ ፊት፣ አሥር ሰው እያያት ስትወድቅ ምን እንደሆነች የሚያውቅ አንድም እንግዳ አልነበረም። እኔ ደግሞ፣ እያወቅሁ፣ ጨጓራ ነው አልኩ። ስኳር የሚለውን ቃል ካፌ እስካወጣው የጠፋው ጊዜ ትንሽ ነው፤ ግን ትንሽ ቢረዝም ኖሮ ይሄን ደብዳቤ ለሁለታችሁ ነበር የምጽፈው። እሱን ሳስብ እግሬ መርገጫው ላይ ይቆማል፣ የስፌት መኪናዬ ዝም ይላል፣ ሱቁ ውስጥ ያለው ደንበኛ ምን ነካህ ይለኛል።

እሑድ ሱሉልታ እንሄዳለን። ጠርተውን አይደለም። የሜሮን ሐሳብ ነው፤ ተመካክረው እስኪጨርሱ ቤቴ ቁጭ ብዬ አልጠብቅም፣ ስለ እኔ የሚወራውን እኔው ልንገራቸው አለችኝ። ሕመሟን፣ መድኃኒቷን፣ ሐኪሙ ስለ መውለድ የነገራትን፣ ሁሉን በአፏ ልትናገር ነው። አንተ ካልመጣህ ብቻዬን እሄዳለሁ አለች። እሄዳለሁ። ምን እንደሚሉን አላውቅም። አብልተው ሊመልሱን ይችላሉ፣ በር ላይም ሊመልሱን ይችላሉ። ሌሊቱን ስለዚያ ሳስብ አድራለሁ፤ እሷ ግን ተኝታለች።

አደራ በላ በይኝ፣ እቀበላለሁ። ሙት ዓመትሽ ሲደርስ ስምሽን በቅዳሴ አስጠራለሁ፤ የሰፋሽውን ትራስ፣ የተከልሽውን ዛፍ፣ በቁጣሽ የምትስቂውን ሳቅ፣ አንዱንም አልረሳም። እስክመጣ ድረስ በየመስከረሙ እጽፍልሻለሁ። ያቺን አንዲት ቃልሽን ግን ከእንግዲህ አልጠብቃትም፤ ልጅሽን ነው የምጠብቀው።

ያንቺው
ታደሰ